ከቆራሌው ጆንያ የሚወጡ የድሮ የሂሳብ ማሽኖች፦ ያላችሁ፣ የምታውቁ፣ መጠገን የምትችሉ ግቡ

የቱሉ ዲምቱ ልጅ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ካልኩሌተርና የሂሳብ ማሽን እሰበስባለሁ። የምጽፈው አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ስላለ ነው።

መሃል ከተማ የነበሩ አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ ሰዉ ወደ ዳር እየወጣ ነው። ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ገላን። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ቆጥ የለው፣ ጓዳ የለው፣ ዕቃ ቤት የለው። አልጋውና ቁም ሳጥኑ በግድ ይገባል። አያትየው ከአልጋ ሥር ያስቀመጡት ያ ከባድ ብረት ግን «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ይባልና ቆራሌው ይጠራል። ቆራሌው የሚያውቀው ሚዛን ነው። ምናለሽ ተራ ከደረሰ በኋላ በመዶሻ ይፈረካከሳል፤ ናሱ ለብቻ፣ አሉሚኒየሙ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ። ስንት ሰው ደሞዝ የተሠራበት፣ ስንት ድልድይ የተለካበት ማሽን በኪሎ ሄደ ማለት ነው።

እስካሁን ከእኛ ሰፈር ቆራሌዎች እጅ ያዳንኩት አንድ ፌሊክስ አለ፣ የሶቭየት፣ በእጅ የሚዞር። አንድ ኦሊቬቲ ዲቪሱማ 24 አለ፣ ወረቀት ላይ የሚያትም። የተወሰኑ ቀይ መብራት ያላቸው ትንንሽ ካልኩሌተሮችና ብዙ ካሲዮም አሉኝ።

አሁን የቸገረኝ ፌሊክሱ ነው። እጀታው ግማሽ ድረስ ይሄድና ቀጥ ይላል። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ ነው። የሚያውቅ ካለ ይምራኝ። ማሽን ያላችሁም ምን እንዳላችሁ ጻፉ፣ ቢያንስ የት ምን እንደተረፈ እንወቅ።

የሰበታው ጠጋኝ

ወንድሜ፣ በጉልበት እንዳትገፋው! ከምንም በፊት ይህን ያዝ። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ መለዋወጫ የለም፣ ሌላ ሬሳ ማሽን መፈለግ ነው።

ፌሊክስ ግማሽ ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ ከታች ያለው ተንሸራታች ክፍል ነው፣ ውጤቱ የሚታይበት። ቦታው ላይ ቀጭ ብሎ ካልተቀመጠ እጀታው አይዞርም። እጀታው ወደ ቤቱ ካልተመለሰ ደግሞ ተንሸራታቹ አይንቀሳቀስም። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው፣ ሂሳብ እንዳይበላሽ። ሁለተኛው የደረቀ ግራሶ ነው። ግራሶ ለዓመታት ሲቀመጥ ሙጫ ይሆናል።

መጀመሪያ ተንሸራታቹን በቀስታ ነካ ነካ አድርገህ ቦታው መግባቱን እይ። ካልሆነ ክዳኑን ፍታ። ካቻቪቴው ከብሎኑ አፍ ጋር ልክ ይሁን፣ አለበለዚያ ትበላዋለህ። እያንዳንዱን ብሎን ከማውጣትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ከዚያ ነጭ ጋዝ በትንሽ ብሩሽ እየቀባህ ያንን ጥቁር ግራሶ አርጥበውና ሌሊቱን ተወው። ጠዋት እጀታውን ወዲያ ወዲህ በጣት ኃይል ብቻ ሞክር። ካልለቀቀ ድገመው፣ አትቸኩል። ሲለቅ በንጹህ ቤንዚን እጠበውና አድርቀው፤ ይህን ግን ግቢ ውስጥ፣ እሳትም ሲጋራም በሌለበት። ቀለም የተቀቡት ቁጥሮች ላይ ቤንዚን እንዳይደርስ ተጠንቀቅ፣ ቀለሙን ሊያነሳው ይችላል። በመጨረሻ የስፌት መኪና ዘይት፣ እሱም በጠብታ። የምግብ ዘይት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉ።

ኦሊቬቲውን ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ገልብጠህ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ አንብብ። 110 ከሆነ የእኛ 220 ያነደዋል። 220 ቢሆንም እንኳ ውስጡ ታስሮ ከሆነ ሞተሩ ለመዞር ሲታገል ይቃጠላል። መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ መብራት።

ጋሽ መዝገቡ (ቡራዩ)

ልጆቼ፣ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ፌሊክስም የስዊድኑ ፋሲትም በእጄ አልፈዋል። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ክፍሉ ሙሉ እጀታ ሲያዞር ነበር የሚያመሸው፣ ድምፁ እስከ ደጅ ይሰማል።

አሠራሩን ለማያውቁት ልንገር፣ ምክንያቱም ሳይገባችሁ ብታስቀምጡት ያው ብረት ነው። ፌሊክስ ላይ ከፊት 9 ዘንጎች አሉ። ዘንጉን 7 ላይ ስታደርጉት ውስጥ ካለው ጎማ 7 ጥርሶች ብቅ ይላሉ። 3 ላይ ብታደርጉት 3። እጀታውን አንዴ ወደፊት ስታዞሩ ብቅ ያሉት ጥርሶች የውጤቱን ቁጥር በዚያው ልክ ይገፉታል። መደመር ይህ ነው። ወደኋላ ስታዞሩ ይቀነሳል። ማባዛት መደጋገም ነው፣ ግን ብልሃት አለው። 365ን በ24 ማባዛት ፈለጋችሁ እንበል። 365 ትሞላላችሁ፣ 4 ጊዜ ታዞራላችሁ፣ ተንሸራታቹን አንድ ቤት ወደ ቀኝ ትወስዱና 2 ጊዜ ታዞራላችሁ። በቃ፣ 6 ዙር ብቻ። ከታች 8760 ይነበባል፣ በጎን ያለው ቆጣሪ ደግሞ 24 ይላል። ቆጣሪው በስንት እንዳባዛችሁ ስለሚያሳይ ስሕተት ወዲያው ይያዛል። የዛሬ ካልኩሌተር ውጤቱን ብቻ ሰጥቶ ዝም ይላል፣ ምን እንደነካችሁ አይመሰክርም። እኔ ይህን ልዩነት ትልቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው።

ይህን የጥርስ ብልሃት ገበያ ያስገባው ኦድነር የሚባል ስዊድናዊ ነው። ይኖር የነበረው በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ቤተሰቡ ወደ ስዊድን ተመልሶ ጎተንበርግ ላይ ቀጠለ፤ ሶቭየቶቹም በራሳቸው በኩል ያንኑ ማሽን ፌሊክስ ብለው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሠሩት። በዚህ መሃል ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቷል፣ እጀታው ግን ያው ነበር። የጀርመኑ ብሩንስቪጋም የዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ ቆራሌው ጋ እጀታ በጎን፣ ዘንጎች በፊት ያለው ማሽን ካያችሁ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን አብዛኛውን ጊዜ የኦድነር ልጅ ነው።

ኮዬ ብሎክ

ጋሽ መዝገቡ፣ እናመሰግናለን፤ የጻፉትን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ግን እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ሁሉም ሰው ብረት ብረቱን ነው የሚያየው። እኔ የምሰበስበው ኤሌክትሮኒክሱን ነው። ያኛው ከባድ ስለሆነ ቢያንስ ሰው ጉድ ብሎ ያየዋል፣ ይሄኛው ግን ፕላስቲክ ነው ተብሎ ቀጥታ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። እና ታሪኩ ትልቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ካሲዮ የሠራው 14-ኤ 140 ኪሎ ይመዝን ነበር። ጠረጴዛ ያህላል። ውስጡ ትራንዚስተር የለም፣ 342 ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ነው ያለው። በ1961 እንግሊዞቹ አኒታን አወጡ፣ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ የሆነ የመጀመሪያው የጠረጴዛ ካልኩሌተር፣ በቱቦ የሚሠራ። በ1964 ሻርፕ ሲኤስ-10ኤ መጣ፣ በትራንዚስተር፣ 25 ኪሎ። ከዚያ በጣም ፈጠነ። ቢዚኮም የሚባል የጃፓን ካልኩሌተር ድርጅት ለማሽኑ ቺፕ እንዲሠራለት ኢንቴልን ጠየቀ። ኢንቴሎች ለአንድ ማሽን ብቻ ብዙ ዓይነት ቺፕ ከመሥራት በፕሮግራም የሚታዘዝ አንድ ጠቅላላ ቺፕ ይሻላል አሉ። ያ ቺፕ በ1971 ለገበያ የወጣው 4004 ነው፣ 2300 ትራንዚስተር ያለው፣ ለብቻው የተሸጠ የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር (የኮምፒውተር አንጎል የሚሆን ቺፕ)። አሁን ይህን የምታነቡበት ስልክ ዘሩ የሚቆጠረው ከካልኩሌተር ነው ማለት ነው! ይህን ያወቀ ሰው ካልኩሌተር አይጥልም።

በ1972 ኤችፒ-35 ወጣ፣ 395 ዶላር። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ሎጋሪዝም በኪስ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ታዋቂ ግድፈት አለ፤ የ2.02ን ሎጋሪዝም በኤልኤን (ln) ቁልፍ አውጥታችሁ በተገላቢጦሹ ቁልፍ (e^x) ስትመልሱት 2.02 መሆን ሲገባው 2 ይላችኋል። ይህን የሚያደርግ ያገኘ ሰው እባካችሁ ይንገረኝ፣ እጅግ ተፈላጊ ነው።

አንድ ምክር ለጀማሪ። መርካቶም ሰፈር ሱቅም «የድሮ» ተብሎ የሚሸጥ ሶላር ካልኩሌተር ብዙ ነው። ባትሪውን አውጡና ፀሐይ ላይ ያዙት። ካልሠራ ያ ሶላር የሚመስለው ጥቁር ነገር የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው፣ ከጀርባው ምንም የለም።

የሰበታው ጠጋኝ

ኮዬ፣ ጥሩ ጻፍክ፣ ግን የሜካኒካሉን ጥበብ ዝቅ አታድርገው። ኩርታን ታውቀዋለህ? በአንድ መዳፍ የሚያዝ ክብ ማሽን ነው፣ ከላይ ትንሽ እጀታ ያለው። አራቱንም ስሌት ይሠራል፣ ባትሪ የለው፣ መብራት የለው። የሠራው ኩርት ኸርትስታርክ የቪየና ሰው ነው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1943 አስረው ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ከተቱት፤ ንድፉንም በእርሳስ ያጠናቀቀው እዚያው ታስሮ ነው። ተርፎ ወጣ። ከ1948 ጀምሮ በሊኽተንሽታይን ተመረተና ወደ 140,000 ገደማ ተሠራ። ኤሌክትሮኒኩ መጥቶ እስኪገፋው ድረስ ከሱ የሚያንስ አራት ስሌት የሚሠራ ማሽን አልነበረም። መቀነስ ላይ እንኳ እጀታውን ወደኋላ አያዞርም። ትንሽ ከፍ አድርገህ ያንኑ ወደፊት ታዞራለህ፣ ውስጡ የቁጥሩን ማሟያ (10 ወይም 100 ለመሙላት የጎደለውን) ይደምራል። እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ መሠራቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። እዚህ አገር አንድ እንኳ አይቼ አላውቅም፣ ያየ ካለ ፎቶ ይለጥፍ።

ለኤሌክትሮኒኩ ደግሞ ይህን ጨምሩበት። የ1970ዎቹ ካልኩሌተር አሮጌ ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ውስጡ ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ አውጡት። ያፈሰሰውን አረንጓዴና ነጭ ዝገት በኮምጣጤ የረጠበ ጥጥ አሹት፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። የኤችፒ-25 ዓይነቶቹን ደህና ባትሪ ሳይገባባቸው በቻርጀር ብቻ እንዳታበሩ፣ ቺፑን ይገድለዋል። ብርቱካናማ ቁጥር የሚያበሩ የመስታወት ቱቦ ያሏቸው የጠረጴዛ ማሽኖች ውስጥ ደግሞ ከ150 ቮልት በላይ አለ፣ ልምድ የሌለው ሰው ክፍት አድርጎ አያብራ።

የለገጣፎ መምህርት

ሁላችሁም ማሽን ማሽን አላችሁ፣ እኔ ደግሞ ጥርስም ባትሪም የሌለው ላምጣ። አባቴ የተወልኝ ስላይድ ሩል አለ። ሁለት ቋሚ እንጨትና በመሃል የሚንሸራተት አንድ፣ ላዩ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት። የመሬት ቅየሳ ሠራተኛ ነበር፣ ኪሱ ውስጥ በቆዳ ከረጢት ይዞት ይወጣል።

ነገሩ ቀላል ነው። ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 ሎጋሪዝምን አሳተመ፣ ማባዛትን ወደ መደመር የሚለውጥ ዘዴ። ብዙ ሳይቆይ ዊሊያም ኦትሬድ ሁለት የሎጋሪዝም መስመሮችን ጎን ለጎን ቢያንሸራትት ርዝመታቸው ሲደመር ቁጥሩ እንደሚባዛ አሳየ። ከዚያ በኋላ 350 ዓመት ገደማ መሐንዲስ ሁሉ የሠራው በዚህ ነው። ወደ ጨረቃ የሄዱት አፖሎዎች እንኳ ፒኬት የሚባል ስላይድ ሩል ይዘው ነበር። ኮዬ ያልከው ኤችፒ-35 በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ፋብሪካዎቹ ስላይድ ሩል መሥራት አቆሙ።

እኔ ክፍል ይዤው እገባለሁ። ስላይድ ሩል ሦስት አኃዝ ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ነጥቡ የት እንደሚገባም አይነግርም። 24 ይሁን 240 ወይስ 2.4፣ ተማሪው ራሱ አስቀድሞ መገመት አለበት። ካልኩሌተር የለመደ ልጅ 19 ጊዜ 21 ብለው 3990 ቢያገኝ ዝም ብሎ ይጽፋል። ስላይድ ሩል የያዘ ልጅ ግን «20 ጊዜ 20 አራት መቶ ነው፣ ስለዚህ ወደዚያ መጠጋት አለበት» ይላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ስብስባችሁን ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት፣ አንዳንዴ ትምህርት ቤት ይዛችሁ ኑ።

ያለ ምንም ዕቃ ማባዛትም አስተምራለሁ። በውጭ ድረ ገጾች የኢትዮጵያ ማባዣ ይሉታል፤ የጥንት ግብፆችም ከ3,500 ዓመት በፊት በእጥፍ እየሄዱ ያባዙ እንደነበር ፓፒረስ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። 13ን በ28 ማባዛት ብንፈልግ፣ በግራ 13ን እያጋመስን ትራፊውን እንጥላለን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 28ን እናጥፋለን፦ 28፣ 56፣ 112፣ 224። በግራ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር፣ ማለትም 6፣ የያዘውን መስመር እንሰርዝና የቀሩትን እንደምራለን። 28 ሲደመር 112 ሲደመር 224፣ 364። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ስሌት የቆመበት መሠረት ይኸው ማጋመስና ማጠፍ መሆኑን ስነግራቸው ልጆቹ አያምኑኝም።

አለም ባንክ

ቁርጥራጭ ብረት ንግድ ላይ ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቆራሌዎቹን አትውቀሱ። ልጁ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ዞሮ የሚያገኘው በኪሎ ነው፣ ይህ ማሽን ታሪክ ነው ብሎ የነገረውም የለም። ከፈለጋችሁ በሰፈራችሁ ከሚዞሩት ጋር ተስማሙ። የፌሊክስ፣ የኦሊቬቲ፣ የፋሲት ፎቶ በስልኩ ላኩለት። «እንዲህ ያለ ስታገኝ ሳትሰብር አምጣልኝ፣ ከሚዛኑ በላይ እከፍልሃለሁ» በሉት። ቃላችሁን አክብሩ፣ ባትፈልጉትም ውሰዱ። አንዴ ካታለላችሁት ሁለተኛ አይመጣም። እኔ ጋ የደረሰውን ደግሞ ከመሰበሩ በፊት ለብቻ አስቀምጣለሁ፣ እዚህ እለጥፋለሁ።

ኦሊቬቲ የሚባለውን ብዙ ጊዜ የሚያመጡት መሸፈኛው ተሰብሮ ነው። ውስጡ ግን ደህና ይሆናል። ሁለት ሦስት ሬሳ ካላችሁ አንድ ደህና ይወጣል፣ ስለዚህ ሬሳውንም አትጣሉ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ | ሐሙስ

ተሳክቷል! የሰበታው፣ እጅህ ይባረክ። ተንሸራታቹ ደህና ነበር፣ ችግሩ ግራሶው ነው። ነጭ ጋዙን ደጋግሜ ቀባሁት፣ ጥቁር ነገር እንደ ሬንጅ ወጣ። ከሁለቱ ጎማዎች መሃል ደግሞ የወረቀት ስፒል ተሰክቶ አገኘሁ። ስፒሉን በወረንጦ ሳወጣው እጀታው ሙሉ ዞረ። 365 በ24 ሞከርኩ፣ ጋሽ መዝገቡ እንዳሉት 8760።

አለም ባንክ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ፎቶውን ለሁለት ቆራሌዎች ልኬያለሁ። መምህርት፣ ፌሊክሱን ይዤ ብመጣ ደስ ይለኛል፣ ቀን ቁረጪልኝ።

ኦሊቬቲው 220 ነው። ግን ገና አልሰካሁትም፣ መጀመሪያ አጸዳዋለሁ። ስለሱ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የነደፈው ናታሌ ካፔላሮ ኢቭሬያ በሚገኘው የኦሊቬቲ ፋብሪካ ገና ልጅ ሳለ ተራ ሠራተኛ ሆኖ ነው የገባው፣ መሐንዲስ አልነበረም። ከዚያ ተነስቶ ነው ድርጅቱን ያበለጸጉትን ማሽኖች የፈጠረው። ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን ስታዩ የአንድ ሰው ጭንቅላት ይህን ሁሉ እንዴት ያዘው ትላላችሁ።

ዘገላን

ሰላም ለዚህ ቤት። ዲያቆን ነኝ፣ ባሕረ ሐሳብ (የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ስሌት) ተምሬያለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። በባሕረ ሐሳብ የሚፈለገው የመካፈሉ ድርሻ ሳይሆን ትራፊው ነው። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም.ን ወንበር (ዓመቱ በ19 ዓመት ዙር ውስጥ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር) ለማግኘት 5500ን በ2018 ላይ ደምረን ዓመተ ዓለሙን 7518 እናገኛለን። ለ19 ስናካፍለው 13 ይተርፋል፣ አንድ ስንቀንስ ወንበሩ 12 ነው። በጣት አውቀዋለሁ፣ በቃልም አውቀዋለሁ። ተማሪዎቼ ግን በስልካቸው ካልኩሌተር ሲያካፍሉ ነጥብና ብዙ አኃዝ ይወጣባቸውና ትራፊው የት እንደገባ ይጠፋቸዋል። የእጅ ማሽኑ ላይ እንዴት ነው?

ጋሽ መዝገቡ (ቡራዩ)

አባቴ ዲያቆን፣ ጥያቄህ ልክ ፌሊክስ ላይ ነው የወደቀው። ፌሊክስ ሲያካፍል ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። ደጋግሞ ይቀንሳል፣ የማይቀነሰውን ትቶልህ ይቆማል።

እንዲህ ነው። 7518 ሞልተህ አንዴ ወደፊት ታዞርና ውጤቱ ላይ ታስገባዋለህ። ቆጣሪውን ታጠፋለህ። ዘንጎቹን መልሰህ 19 ትሞላለህ። ተንሸራታቹን ሁለት ቤት ወደ ቀኝ ትወስደዋለህ፣ አሁን የምትቀንሰው 1900 ነው። ወደኋላ 3 ጊዜ ታዞራለህ፣ 1818 ይቀራል። 4ኛ ብታዞር ደወል ይጮሃል፣ አለፍክ ማለቱ ነው፣ አንዴ ወደፊት መልሰው። አንድ ቤት ትመልሳለህ፣ አሁን 190 ነው። 9 ጊዜ፣ 108 ይቀራል። ሌላ ቤት ትመልሳለህ፣ 19 ነው። 5 ጊዜ። ውጤቱ ላይ 13 ቀረ፣ ቆጣሪው 395 ይላል። ድርሻውም ትራፊውም ፊትህ ናቸው፣ ምንም አልጠፋም።

ሱሉልታ

እኔ ዘንድ ኤሌክትሮኒካ ኤምኬ-61 አለ፣ አጎቴ ሶቭየት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው። በፕሮግራም የሚሠራ ነው፣ 105 ትእዛዝና 15 ማህደረ ትውስታ ይይዛል። አረንጓዴ ቁጥር ያበራል። ምልክቱ ከቁጥሩ በኋላ ነው የሚጫነው፣ እኩል የሚባል ቁልፍ የለውም። የዲያቆንን ጥያቄ እንዳየሁ ፕሮግራም ጻፍኩለት።

የተማሪዎቹ ችግር ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። 8 አኃዝ ባለው ካልኩሌተር 7518 ለ19 ስታካፍሉ 395.68421 ይሰጣል። 395ን ቀንሳችሁ የቀረውን በ19 ብታባዙ 13 አይመጣም፣ 12.99999 ነው የሚመጣው። ከነጥቡ በኋላ ያለውን የጣለ ሰው 12 ብሎ ይይዝና ወንበሩ ይሳሳታል፣ ከዚያ ጾሙም በዓሉም ይዛባል። መፍትሔው 395ን በ19 አባዝቶ 7505 ማግኘት፣ ከዚያ ከ7518 መቀነስ ነው። 13 ድርቅ ብሎ ይወጣል። የገበያ ካልኩሌተርም ላይ እንዲሁ አድርጉ፣ በዚህ መንገድ አይሳሳትም።

የኤምኬ-61 ጣጣው ስታጠፉት ፕሮግራሙ መጥፋቱ ነው፣ በየጊዜው እንደገና መጻፍ አለባችሁ። ኤምኬ-52 የሚባለው ግን ሳያጠፋ ይይዛል፣ ያለው ሰው ካለ እንነጋገር።

ዘገላን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሱሉልታ፣ ያ 12.99999 ነው ተማሪዎቼን ሲያደናግር የኖረው። ጋሽ መዝገቡ፣ ደወሉን ለመስማት ጓጉቻለሁ። የቱሉ ዲምቱ ልጅ፣ የ2019ን በፌሊክሱ አውጣልኝና እኔ በጣቴ ካወጣሁት ጋር እናስተያየው። አበቅቴው ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፣ መጥቅዑም ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ማሽኑም አንተም ተሳስታችኋል።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ | ቅዳሜ

አወጣሁት። 7519 ለ19፣ ቆጣሪው 395፣ ትራፊው 14፣ ስለዚህ ወንበሩ 13። 13 በ11 143 ነው፣ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 23፣ አበቅቴ። 13 በ19 247 ነው፣ የሚተርፈው 7፣ መጥቅዕ። ሲደመሩ 30። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 7 ላይ ይውላል፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ የቅዳሜ ተውሳክ (እንደ ቀኑ የሚጨመረው ቁጥር) 8። 7 ሲደመር 8፣ የነነዌ ጾም መጀመሪያ የካቲት 15። ከዚያ 69 ቀን ስቆጥር የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው።

ዘገላን

ሚያዝያ 24፣ በጣቴም ያው ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሽኑን ይዘህ ገላን ና፣ ተማሪዎቹን ሰብስቤ እጠብቅሃለሁ። ጋሽ መዝገቡም ጤናዎ ከፈቀደ ይምጡ፣ ከቡራዩ የሚያመጣዎት መኪና እኔ አፈላልጋለሁ።